ሥጋ ቤቱና ሰንበቱ፦ የዩጂን ፒተርሰን የመደነቅ ትምህርት በሰንጋ ተራ ሲነበብ

ዩጂን ፒተርሰንን ብዙው የዚህ መጽሔት አንባቢ የሚያውቀው «ዘ ሜሴጅ» በተሰኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሙ ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት አንዲት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያንን ለ29 ዓመት በመጋቢነት አገልግሏል፤ ኋላም በካናዳ ቫንኩቨር፣ በሪጀንት ኮሌጅ አስተምሯል፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከመጻሕፍቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመችውና ርእሷን «ትንሣኤን መኖር» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ቀጭን መጽሐፍ፣ ስለ ዕለት ኑሮና ስለ ሥራ የምትሰጠው ትምህርት ስላለ፣ እኛ በጥንቃቄ ልንመረምራት ይገባል። በጥንቃቄ የምለው ግማሹ እጅግ እውነት ስለሆነ፣ ቀሪው ግማሽ ሳይጠየቅ አብሮ እንዳያልፍ ስለምሰጋ ነው።

ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው። የክርስቶስ ትንሣኤ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት፣ ማንም ባላዘጋጀው መንገድ ሆነ። ወደ መቃብሩ የሄዱትን ሴቶች የያዛቸው ፍርሃትና መደነቅ ነበር፤ ወንጌላውያኑም ይህን አይሸሽጉም። እንግዲያው በትንሣኤ ላይ የቆመ ሕይወት መጀመሪያው መደነቅ ነው። መደነቅ የጎደለው መንፈሳዊ ዕድገት ሰው በገዛ ጉልበቱ ራሱን የሚያሻሽልበት ፕሮጀክት ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ይህ መደነቅ የት ይጠፋል? ፒተርሰን ሳያመነታ ጣቱን ወደ ሥራ ቦታ ይቀስራል። ሥራ ዕውቀትና ችሎታ ይጠይቃል፤ ችሎታ ሲጨምር መቆጣጠር ይመጣል፤ የተቆጣጠርነው ነገር ደግሞ አያስደንቀንም። በሥራ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሲመጣ ችግር መጣ እንላለን እንጂ ስጦታ መጣ አንልም። ከዚያ በኋላ ሥራው ጣዖት ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። መድኃኒቱ ሰንበት ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን እጅን ሰብስቦ እግዚአብሔር የሠራውንና የሚሠራውን መመልከት።

ይህ ሐሳብ በመድረኮቻችን ከሚሰማው ከብዙው ይሻላል። በእኛ ዘንድ «ድንቅ» የሚለው ቃል አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቆልፎበታል። «የድንቅና የተአምራት ምሽት» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ከተለመደው ኑሮ ውጭ የሆነ ነገር ይጠብቃል፦ የታመመ ሲፈወስ፣ የተዘጋ በር ሲከፈት፣ ቪዛ ሲገኝ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፣ በርም ይከፍታል፤ ከዚህ ጋር ጠብ የለኝም። ቃሉ ሌላ ነገር እንዳይናገር ተደርጎ ሲታሰር ግን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ኑሮ ድንቅ የሌለበት ምድረ በዳ ይሆናል፤ ምእመኑም ሳምንቱን የሚያሳልፈው የሚቀጥለውን ምሽት እየቆጠረ ነው። ፒተርሰን መደነቅን ከልዩ ፕሮግራም አውጥቶ ወደ ሳምንቱ ዑደት አምጥቶታል። ጥያቄዬ፣ ወደ ሳምንቱ ካመጣው በኋላ ለምን በአንዱ ቀን ብቻ እንዳሰፈረው ነው።

መጽሐፏን ሰንጋ ተራ ላይ ሆነው እንዲያነቡ እጋብዝዎታለሁ። በልደታ ክፍለ ከተማ ያለችው ይህች ሰፈር ስሟን ያገኘችው ከሰንጋ ገበያ ነው፤ ዛሬ ግን በሬ የሚያይባት የለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ 209 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ፣ ከአናቷ ቆሟል። በዙሪያው የባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ሕንፃዎች ተኮልኩለዋል። ትውልድ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረበት ኮሜርስ እዚያው ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። በ40/60 የቁጠባ ቤቶች ፕሮግራም ከተሠሩት ቀዳሚ ሕንፃዎች ከፊሎቹ የሚገኙት በዚህችው ሰፈር ነው። በምሳ ሰዓት ባጃቸውን በአንገታቸው ያንጠለጠሉ የባንክ ሠራተኞች በጀበና ቡና ዙሪያ በርጩማ ላይ ይኮለኮላሉ፤ ሊስትሮው፣ የመኪና ጠባቂው፣ የሎተሪ አዟሪው በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ሥራ የሌለው ሰው እንኳ እዚህ ሲያልፍ የቸኮለ መስሎ ነው የሚያልፈው። የፒተርሰን ክስ ልክ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ መደነቅ ፈጽሞ ሊገኝበት የማይችል ቦታ ቢኖር ይህ መሆን አለበት።

መጀመሪያ መድኃኒት የተባለውን ሰንበት እንመልከት። ከባንኩ በር ላይ የቆመው ጥበቃ አንድ ቀን ገብቶ አንድ ቀን የሚያርፍ ከሆነ፣ እሑድ የሚደርሰው በፈረቃው ነው። ነርሷም እንዲሁ። የቤት ሠራተኛዋ እሑድ ቤቱ በእንግዳ ስለሚሞላ ከሌላው ቀን የበለጠ ትሠራለች። የቀን ሠራተኛው እሑድ ያርፋል፤ ዕረፍቱ ግን ያለ ክፍያ ነው፤ ለእርሱ ማረፍ ማለት የዚያን ቀን እንጀራ ማጣት ማለት ነው። ስለ ራሳችንም እውነቱን እንነጋገር። በአንዲት የከተማ አጥቢያ የሚያገለግል ወጣት የእሑድ ውሎው ጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ አምልኮ፣ ከዚያ የመዘምራን ልምምድ፣ ከሰዓት የኮሚቴ ስብሰባ፣ ማታ የቤት ለቤት ኅብረት ነው። ሰኞ ቢሮ የሚገባው ደክሞ ነው። ሰንበትን ከእጁ የወሰደበት ባንኩ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኑ የሆነችበት አማኝ ጥቂት አይደለም።

ይህ ፒተርሰንን አያፈርሰውም። እንዲያውም ሰንበትን ከልብ እንድናነሣ ያስገድደናል። ነገር ግን ትእዛዙ በዘዳግም ሲሰጥ (5፥14–15) ወንድና ሴት አገልጋዩን፣ መጻተኛውን፣ በሬውን ሳይቀር በስም ይቆጥራል፤ ምክንያቱም የግብፅ ባርነት ነው። ሰንበት የተመስጦ ቀን ከመሆኑ በፊት ሌሎች እንዲያርፉ የሚያስገድድ ሕግ ነው። በዚህች ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ ይህ ወገን ጎልቶ አይሰማም። የሚሰማው የዕረፍት ቀኑን ራሱ ሊመርጥ የሚችል፣ ደመወዙ በወር የሚከፈለው ሰው ድምፅ ነው። ሰንጋ ተራ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ ለእርሱ መጽሐፏ ትጠቅማለች። ለጀበና ቡና አፍይዋ ግን በምትሠራበት ሰዓት የሚገኝ መደነቅ ከሌለ፣ ለእርሷ የቀረበ ምንም ነገር የለም።

ሁለተኛውና ዋናው ነጥቤ ፒተርሰን ራሱን በራሱ የሚመልስበት ነው። የሥጋ ቆራጭ ልጅ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው «መጋቢው» በተሰኘ የሕይወት ታሪኩ፣ በሞንታና ግዛት በካሊስፔል ከተማ አባቱ በነበራቸው ሥጋ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳደገ ይተርካል። ይህ ምዕራፍ በእኔ ግምት ከጻፋቸው ሁሉ ምርጡ ነው። እናቱ ለሕፃኑ ልክ የሆነ የሥጋ ቤት ሽርጥ ትሰፋለታለች፤ እያደገ ሲሄድ አዲስ ትተካለታለች። ልጁም የሐናን ታሪክ ሲሰማ፣ ለሳሙኤል በየዓመቱ የምትሠራለት መደረቢያ (1ሳሙ. 2፥19) የእርሱ ሽርጥ ይመስለዋል፤ ሥጋ ቤቱም ሴሎ። ደም፣ ስብ፣ አጥንት፣ ቢላ የለመደ ልጅ የኦሪትን መሥዋዕት ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም። ሥጋ ቤቱን ያየው እንደ መቅደስ ነው።

በዚያ ቤት ቢላ የሚያስተምረው ሠራተኛ የነገረውን ፒተርሰን እስከ እርጅናው አልረሳም፦ ቢላው የራሱ ፈቃድ አለው፤ የታረደው ሰንጋም እንዲሁ የራሱ መጋጠሚያ፣ የራሱ አሰላለፍ፣ የራሱ ጠባይ አለው። የጥሩ ሥጋ ቆራጭ ጥበብ ፈቃዱን በግዑዝ ነገር ላይ መጫን ሳይሆን በአክብሮት የነገሩን ጠባይ መከተል ነው። ይህን የማያውቁትን አባቱ በንቀት የሚጠሩበት ስም ነበራቸው፤ በእኛ አፍ «ጨፍጫፊ» ብንለው ይቀርበዋል።

ቅርጫ የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ሞንታና መሄድ አያስፈልገውም። በበዓል ዋዜማ ጎረቤት አዋጥቶ ሰንጋ ይገዛል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲመድብ እያንዳንዱ መደብ ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከታናሹ፣ ከጎድኑ፣ ከዳቢቱ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው ሁሉ እንዲደርሰው አድርጎ ነው፤ ዕጣ የሚጣለው ማንም እንዳይጎዳ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ነው። እጁን ያዩ እንደሆነ መጋጠሚያውን በቢላ ጫፍ ዳሶ ያገኘዋል፤ አጥንት ሳይፈረካከስ ብልቱ በቦታው ይለያል። ያልለመደ ሰው በመጥረቢያ ነው የሚገባበት። ልብ ይበሉ፦ ሰንጋው ፊት ቆሞ «ሥጋ» ብቻ የሚታየው ችሎታ የሌለው ሰው ነው። ብዙ ነገር የሚታየው ሥራውን የተካነው ነው። ችሎታ እዚህ የመደነቅን ዐይን ከፈተ እንጂ አላጠፋም።

ስለዚህ «ትንሣኤን መኖር» ላይ ያለው ክስ ተከሳሹን ተሳስቷል። መደነቅን የሚገድለው ችሎታ አይደለም፤ ጨፍጫፊነት ነው፤ በእጅ ያለውን ነገር ወይም ሰው ከእኔ ፈቃድ ሌላ ጠባይ የለውም ብሎ ማሰብ። ጨፍጫፊነት በሥጋ ቤት፣ በባንክ፣ በክፍል ውስጥ፣ በመድረክም ላይ አለ። በሰንበትም ቀን ሊገኝ ይችላል። ምዕራፉን ሳነብ የተሰማኝ ልጁ ፒተርሰን ያየውን አዛውንቱ ፒተርሰን ስለ ሥራ ሲጽፍ እንደዘነጋው ነው። ምናልባት በመካከል ያሉት ዓመታት የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን እንደ ኩባንያ ስትመራ ያየባቸው ስለሆኑ ይሆናል፤ በእርሱ አልፈርድም።

ከሰው ምስክርነት ወደ ወንጌል እንሂድ። በአራቱ ወንጌላት ሰዎች በኢየሱስ መደነቃቸው በየገጹ ይነገራል። ኢየሱስ ራሱ ተደነቀ የሚባልበት፣ «ታውማዞ» የሚለው የግሪክ ግስ ለእርሱ የተነገረበት፣ ሁለት አጋጣሚ ብቻ ነው። (በጌቴሴማኒ የተጠቀሰው ሌላ ቃል ነው፤ እርሱ ድንጋጤ ነው።) አንደኛው በቅፍርናሆም በመቶ አለቃው እምነት (ማቴ. 8፥10፤ ሉቃ. 7፥9)፣ ሁለተኛው በገዛ አገሩ በሰዎቹ አለማመን (ማር. 6፥6)። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን የምናነጻጽረው አሕዛብና እስራኤል በሚለው መስመር ነው። ልክ ነው። ግን ሁለቱንም ታሪክ የሚያገናኝ ሌላ ክር አለ፤ እርሱም ሥራ ነው።

የመቶ አለቃው እምነት ከየት መጣ? ምኵራብ ውስጥ ከሰማው ትምህርት አልጠቀሰም። ያስረዳው በሥራው ነው። እኔም ከበላዬ አለቃ አለ፤ ከበታቼም ወታደሮች አሉ፤ አንዱን ሂድ ስለው ይሄዳል፤ እንግዲህ አንተም ባለህበት ሆነህ ቃል መናገርህ ይበቃል ነው ያለው። በየቀኑ የሚሠራውን፣ ለሌላው መቶ አለቃ ተራ የሆነውን ትእዛዝ መስጠትና መቀበል፣ አስተውሎ ተመልክቶታል። በውስጡም ቃል በሩቅ እንደሚሠራ አየ። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ክርስቶስ ሥልጣን ማንም ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ። ኢየሱስ የተደነቀው በዚህ ነው። ሥራው እምነቱን አላደነዘዘውም፤ ቋንቋ ሰጠው።

ይህን ታሪክ ሰንጋ ተራ ላይ ከባንክ መስኮት ኋላ ለተቀመጠች ገንዘብ ከፋይ ማስረዳት ከባድ አይደለም። እርሷ እዚህ አንድ ቁልፍ ስትጫን ጎንደር ያለች እናት ገንዘብ ታወጣለች። አንዲት ፊርማ፣ አንድ ቃል፣ ከዚያም በሩቅ የሆነ ነገር። ሥርዓቱ የቆመው ከላይ በተሰጣት ሥልጣን ላይ ነው፤ በራሷ ስም ብትጫን አንድ ብር አትንቀሳቀስም። በሥሩ ያለው ደግሞ መተማመን ነው፦ ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ላባቸውን በወረቀትና በቁጥር ተክተው ሲቀባበሉ። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ሳንቲም ሳይጎድል መዝገቡና ጥሬ ገንዘቡ ከተገናኙ፣ ተራ ነገር ሆነ ማለት ነው? እኔ እንጃ። ከመቶ አለቃው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የሚያስተውላት መጋቢ አላገኘችም ይሆናል እንጂ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ናዝሬት ውስጥ ሰዎቹ መጀመሪያ ተገርመው ነበር። በጥበቡም፣ በእጁ በሚደረገው ተአምርም። ያ መገረም የተሰበረው ሥራው ሲታወሳቸው ነው፦ ይህ ጸራቢው አይደለምን? (ማር. 6፥3)። ቀንበርና በር የሚጠርብላቸው፣ እጁን የሚያውቁት፣ ምናልባት ዋጋ የተከራከሩት ሰው። ድንቅ በእንዲህ ያለ እጅ ሊመጣ አይችልም ብለው ደመደሙ፤ ኢየሱስም በዚህ ተደነቀ። በግእዝ «አንከረ» ተደነቀ፣ «መንክር» ድንቅ፣ «ነኪር» እንግዳ ወይም ባዕድ ነው፤ ሦስቱም ከአንድ ሥር ናቸው። ናዝሬት በለመደችው ሰው ውስጥ እንግዳውን ማየት አቃታት።

በዚህ ነገር እኛ ናዝሬትን የምንወቅስበት አፍ የለንም። ብረት ሠሪውን «ቡዳ»፣ ቆዳ አልፊውን «ፋቂ» ብሎ የሚሰድብ ሕዝብ ነበርን፤ «ጠይብ» የሚለው ስድብ ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው የክብር ቃል የመጣ ነው። ጥበብ ስድብ የሆነበት አገር! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። አዋጁ ወጣ፤ ልማዱ ግን ልብሱን ቀየረ። በአጥቢያዎቻችን ዶክተሩና ሥራ አስኪያጁ ሲመሰክሩ መድረክ ይሰጣቸዋል። ቧንቧ ሠራተኛው የሚጠራው ቧንቧ ሲፈስ ነው። ጥያቄው የማኅበራዊ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጸራቢውን ማየት ያልቻለ ዐይን ክርስቶስን ማየት አልቻለምና፣ ጉዳዩ የእምነት ነው።

«ድንቅ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። በኢሳይያስ 9፥6 «ድንቅ መካር» የሚለውን ስም ሁላችን እናውቃለን፤ በየገናው እንሰብክበታለን። ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው፣ ያው ነቢይ ድንቅነትንና ምክርን እንደገና የሚያጣምርበት ቦታ 28፥29 መሆኑን ነው፤ በዕብራይስጡ ሁለቱም ቦታ ያሉት ቃላት ከአንድ ሥር ናቸው። እዚያ የሚነገረው ስለ ማን ነው? ስለ ገበሬ። ዓመቱን ሙሉ አያርስም፤ ማሳውን ካለሰለሰ በኋላ እያንዳንዱን ዘር በቦታው ይዘራል። ጥቁር አዝሙድን በመውቂያ መንኰራኵር አይወቃም፤ በበትር ይመታዋል፤ ለእንጀራ የሚሆነውንም ለዘላለም ሲያደቅቅ አይኖርም። ይህን ልክ ማን አስተማረው? እግዚአብሔር ነው ይላል ነቢዩ፤ ምክሩም ድንቅ ነው። ጎጃም ወይም ወሎ ያደገ አንባቢ ይህን ሲያነብ አውድማው ይታየዋል፦ በሬ እየዞረ የሚያበራየው ጤፍ፣ በዱላ የሚወቃው ሌላው እህል፣ ነፋስ እስኪመጣ የሚጠብቀው መንሽ። ኮንፈረንስ ውስጥ ብቻ ያሰርነው ቃል በመጽሐፉ አውድማ ላይ ተገኝቷል። ፒተርሰን ዕብራይስጥ አስተማሪም ተርጓሚም የነበረ ሰው ነውና፣ ስለ መደነቅና ስለ ሥራ ሲጽፍ ይህን ክፍል የክርክሩ ምሰሶ ቢያደርገው ኖሮ መጽሐፏ ሌላ መልክ በያዘች ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ፒተርሰን ትክክል የሆነበትን አልክድም። ሥራ የሚያስደንቀው ሁሉ ደግ መደነቅ አይደለም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ በቤተ መቅደሱ ድንጋዮችና ሕንፃዎች ተደንቆ ሲያሳይ ጌታ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ነገረው (ማር. 13፥1–2)። ሰንጋ ተራ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ 209 ሜትር የሚቆጥር ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። እርሱም የእኛ የወንጌላውያን ታሪክ አካል ነው፤ ብዙዎቻችን ብንረሳውም። በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ተቋም የመጡት ሰዎች የተላኩት በእጅ ሙያ እየኖሩ ወንጌልን እንዲያደርሱ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በእጃቸው ተደነቁ፤ ጋፋት ላይም መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጓቸው። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የመጣ እጅ በመጨረሻ የሚታወሰው በመድፍ ነው። የሥራ ክብር ሥራው ለምን እንደሚውል ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። መደነቅን ማደንዘዣ ልናደርገው እንችላለን። በፀሐይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ፎቅ የሚወጣን የቀን ሠራተኛ «በሥራህ ተደነቅ» ብሎ ማስተማር፣ ደመወዙ እስካልበቃውና ከወደቀ የሚያነሣው እስከሌለ ድረስ፣ ስድብ ነው። የአጫጆቹ የተቀማ ደመወዝ ይጮኻል ይላል ያዕቆብ (5፥4)፤ እዚያ የሚያስፈልገው ተመስጦ ሳይሆን ፍርድ ነው። ገንዘብ ከፋይዋም ቢሆን፣ ወሩ ሲያልቅ ይህን ያህል አዲስ ቁጠባ አምጪ ተብላ ዘመዶቿን ስትለምን የምትውል ከሆነ፣ የመቶ አለቃውን ታሪክ የምታሰላስልበት ልብ አይቀርላትም። ጨፍጫፊነት ከሠራተኛው እጅ ብቻ አይመጣም፤ ከአሠሪው ዕቅድም ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚጨፈጨፈው ሠራተኛው ነው። ሰንበት ደግሞ በትክክል ለዚህ የተሰጠ ሕግ ነው፤ ፒተርሰንን እዚህ ላይ ከራሱ በላይ አጥብቄ እደግፈዋለሁ።

መጋቢ ለሆኑ አንባቢዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጠይቅ። በአጥቢያችሁ ባለፈው ዓመት የተሰጡትን ምስክርነቶች አስታውሱ። ሥራ በስንቱ ተነሣ? ሲነሣስ እንዴት? ሥራ አገኘሁ፣ ዕድገት አገኘሁ፣ ከሥራ ልባረር ስል ተረፍሁ። ሥራው ራሱ፣ በውስጡ ያለው ነገር፣ እጁ የሚያውቀው ምስጢር የተነገረበት ምስክርነት አለ? ነርሷ የሌሊት ተረኛ ሆና የደም ሥር ስትፈልግ ጣቷ ምን እንደሚያውቅ፣ የሒሳብ ሠራተኛው በዓመት መጨረሻ ሚዛኑ ሲስተካከል ምን እንደሚሰማው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱ መስማቱን በምን እንደምታውቅ የጠየቃቸው አለ? ቤት ለቤት እንጎበኛለን፤ ሆስፒታል እንጎበኛለን፤ ለቅሶ እንደርሳለን። የምእመናኖቻችንን የሥራ ቦታ ግን አናውቀውም። በሳምንት አንድ ምሳ ሰዓት ሰንጋ ተራ ሄዶ ከአንድ ምእመን ጋር ጀበና ቡና መጠጣትና «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልህ?» ብሎ እስከ መጨረሻው መስማት በጀት የሚጠይቅ አገልግሎት አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ትርጉም አንድ ቃል። ከተማሪዎቻችን መካከል ፒተርሰንን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚያስብ ቢኖር፣ ከ«ትንሣኤን መኖር» አስቀድሞ «መጋቢው» ውስጥ ያለውን የሥጋ ቤት ምዕራፍ እንዲተረጉም እመክራለሁ። ሲተረጉምም የእንግሊዝኛውን የብልት ስሞች በፊደል ገልብጦ እንዳያልፍ። አንድ ቀን ሥጋ ቤት ገብቶ፣ ከቆራጩ አጠገብ ቆሞ፣ ሻኛው የት እንደሚያልቅና ዳቢቱ ከየት እንደሚጀምር ይጠይቅ።